ግቢ ውስጥ ጋራዥ ወርክሾፕ ስትሰሩ ብርዱንም ጩኸቱንም ጣራው ላይ ያዙት

ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ፣ ሰበታ መንገድ፣ በቃ የአዲስ አበባ ዳር ዳር ላይ ግቢ ያለው ሰው በብዛት ሚሰራው አንድ አይነት ነገር ነው፣ ከአጥሩ ጋር አስደግፎ ጥቂት የብረት ቋሚ፣ ላዩ ላይ ቆርቆሮ፣ ፊት ለፊት የላሜራ በር፣ አለቀ። መኪና ለማሳደር ይበቃል፣ ክፋት የለውም። ግን ልበይድበት፣ እንጨት ልስራበት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናዬን ልፍታታበት ካላችሁ ያ ነገር ሰው አያስቀምጥም። የአዲስ አበባ መሃሉ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ ወደ ሱሉልታ ስትወጡ ደግሞ ይብሳል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርድና ጠዋት ብረት በእጅ አይያዝም፣ ሰባት ሰዓት ላይ ያው ቆርቆሮ ከላይ ይጠብሳችኋል፣ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲወርድበት ስልክ ማውራት ራሱ አይታሰብም። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከቆርቆሮው ስር ላብ ይንጠባጠብና መሳሪያው ላይ ያርፋል፣ ከዛ ዝገት ነው።

ኢንሱሌሽን (ሙቀት፣ ብርድና ጩኸት ማገጃ) ሲባል የብዙ ሰው ሀሳብ ወደ ግድግዳ ነው ሚሄደው። እኔ ምላችሁ ተራው ሌላ ነው፦ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ጣራ፣ ከዛ ንፋስ ሚገባበት ቀዳዳ፣ ግድግዳ መጨረሻ። ብር ሲያጥር ሚቀነሰው ከመጨረሻው ነው እንጂ ከመጀመሪያው አይደለም። ሂሳቡን 4 በ7 ሜትር፣ 28 ካሬ አድርጌ ነው ማስበው፣ አንድ መኪና ገብቶ ከፊቱ ባንኮ (የመስሪያ ጠረጴዛ) ሚቆምበት ማለት ነው። ወርዱን ከ3 ሜትር ተኩል በታች ካደረጋችሁት የመኪናውን በር ከፍታችሁ ጎንበስ ብላችሁ መስራት አትችሉም፣ ስለዚህ ርዝመት ቀንሱ እንጂ ወርድ አትቀንሱ።

ወረቀቱና ወቅቱ

ግቢዬ ነው ብሎ ዝም ብሎ መጀመር የለም። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆናችሁ ፈቃዱን ወረዳ ወይ ክፍለ ከተማ ጠይቁ፣ በ2015 ሸገር ከተማ ሲመሰረት ወደሱ የገባችሁ ደግሞ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ገላን ምናምን ያላችሁ፣ ጉዳያችሁ እዛ ነው። ካርታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ከአጥር ስንት መራቅ እንዳለባችሁም እዛው አስነግሩ። ለጎረቤት ቀድሞ መንገርም ጥሩ ነው፣ በተለይ የጣራው ተዳፋት ወደነሱ ግቢ እንዳይሆን፣ በሰው ግድግዳ ላይ ውሃ መልቀቅ የማያልቅ ጠብ ነው።

ቁፋሮ ከመስቀል በኋላ መሬቱ ጠፈፍ ሲል ነው፣ ጣራው ደግሞ ግንቦት ሳያልቅ ይለቅ። መጋቢትና ሚያዝያ የበልግ ዝናብ ሊመጣ ስለሚችል ሲሚንቶ መሬት ላይ አታስቀምጡ፣ ከስር ጣውላ፣ ከላይ ላስቲክ።

አፈሩ

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ፣ አቃቂ፣ ገላን በኩል ያላችሁ ጥቁር አፈሩን ታውቁታላችሁ፣ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ደግሞ እጅ ሚያስገባ ስንጥቅ ይሆናል። ይሄ አፈር ላይ ቀጥታ ወለል ካፈሰሳችሁ ክረምት ሲመጣ ወለሉ ይነሳል፣ ግድግዳውም ጥግ ላይ በሰያፍ ይሰነጠቃል። ሲሚንቶ ብትጨምሩ አይድንም፣ ችግሩ ከስር ነውና። ጥቁሩ ስስ ከሆነ እስኪያልቅ ቆፍራችሁ አውጡት። ወፍራም ከሆነ ቢያንስ 60 ሳንቲ አውጥታችሁ በገረጋንቲ (ጠጠራም የመሙያ አፈር) ተኩት፣ እሱም አንዴ ተደፍቶ ሳይሆን በየ20 ሳንቲው ውሃ እየተረጨ እየተጠቀጠቀ። ሰራተኛው “አቦ ይበቃል፣ መኪና ራሱ ይጠቀጥቀዋል” ይላችኋል፣ እሺ እንዳትሉ።

ከመሠረቱ ድንጋይ በላይ ግሬድ ቢም፣ ማለት ዙሪያውን ሚያስር ባለ ፌሮ የኮንክሪት ቀበቶ፣ ይሂድ፣ አራት ባለ 12 ፌሮ፣ ስታፋው (ፌሮዎቹን ሚያቅፈው ቀለበት) በየ20 ሳንቲው። ይሄ ለትንሽ ቤት ምን ያደርጋል ሚል አለ፣ አፈሩ አንድ ጥግ ላይ ሲንቀሳቀስ ግድግዳውን አንድ ላይ ሚይዘው እሱ ነው። አፈሩ በጣም ወፍራም ጥቁር ከሆነ ወይ ቦታው ተዳፋት ከሆነ ግን መሐንዲስ አሳዩት፣ ይሄ በምክር ብቻ ሚሰራ አይደለም።

ሌላው ሰው ሚረሳው ባሕር ዛፍ ነው። ከግድግዳው አጠገብ ያለ ባሕር ዛፍ በበጋ ከአፈሩ ውሃ ይመጥና መሬቱን ያኮማትረዋል፣ ስንጥቁ ከሱ በኩል ይጀምራል። ዙሪያውን ደግሞ አንድ ሜትር ያህል ወደ ውጪ ያዘቀዘቀ ሊሾ አድርጉበት፣ ዝናቡ ከመሠረቱ ስር እንዳይገባ።

ወለሉ

ከግቢው 20 ሳንቲ ከፍ ይበል። ድንጋይ 25 ሳንቲ ይነጠፍ፣ ክፍተቱ በጠጠር ይሞላ፣ ከዛ ላስቲክ። ላስቲኩን መዝለል ሚወድ ግንበኛ ብዙ ነው፣ ግን ከስር ሚመጣውን እርጥበት ሚያቆመው እሱ ብቻ ነው፣ ያለሱ ጣራውን ምንም ብትሸፍኑት ቤቱ ቀዝቃዛና ሻጋታ ሚሸት ይሆናል። ወፈር ያለውን ግዙ፣ መጋጠሚያው ላይ 20 ሳንቲ ይደራረብ፣ ጠርዙ ወደ ግድግዳው ይውጣ።

ኮንክሪቱ 10 ሳንቲ፣ ባለ 8 ፌሮ በየ20 ሳንቲው። ድብልቁ አንድ ለሁለት ለሦስት፣ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ፣ ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር። 28 ካሬ በ10 ሳንቲ 2.8 ሜትር ኩብ ነው፣ ወደ 10 ኩንታል ሲሚንቶ ይበላል። ክሪክ ምታቆሙበት ቦታ ላይ 15 ሳንቲ አድርጉት። ወደ በሩ በኩል በሜትር አንድ ሳንቲ ይዘቅዝቅ፣ መኪና ታጥቦ ሲገባ ውሃው ይወጣል። ከዛ ለ7 ቀን ጆንያ አልብሳችሁ ውሃ አጠጡት፣ አዲስ አበባ ፀሐዩ ቀዝቃዛ ይመስላል እንጂ ኮንክሪት ያደርቃል።

መኪና ስር ለመግባት ጉድጓድ ይሰራ ሚል ሀሳብ ይመጣላችኋል። ጥቁር አፈር ላይ ተዉት፣ ክረምት ውሃ ይሞላበታል። ባይሞላ ራሱ የቤንዚን ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ እዛ ይጠራቀማል፣ አንድ የብየዳ ብልጭታ ይበቃዋል።

ግድግዳው

ባለ 15 ብሎኬት ይበቃል፣ አንድ ካሬ ወደ 13 ይፈጃል። ዙሪያው 22 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ80 ሆኖ በርና መስኮት ሲቀነስ ወደ 700 ብሎኬት በሉት። ስትገዙ ከማምረቻው ትኩስ የወጣውን አትቀበሉ፣ ውሃ ሲጠጣ የቆየውን ምረጡ፣ ጠርዙ በጣት ሲፈተግ ሚረግፍ ከሆነ ለሌላ ሰው ተዉለት። የመጨረሻው ረድፍ ላይ የብሎኬቱ ቀዳዳ መደፈን አለበት፣ ላዩ ላይ ቶፕ ታይ ቢም (የግድግዳው ጫፍ ላይ ሚዞረው የኮንክሪት ቀበቶ) ሲፈስ ሚደፈን ነው፣ ካልተደፈነ ግድግዳው ውስጥ አየር እየተመላለሰ ብርዱን ያስገባል፣ አይጥም ቤቱን ይሰራበታል። ከውስጥም ከውጭም ልስን ይሰራለት፣ ያልተለሰነ ብሎኬት ንፋስ ያሳልፋል።

መስኮቱ ሰሜንና ደቡብ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ምሥራቅና ምዕራብ ጠዋትና ማታ ፀሐይ ቀጥታ አይን ውስጥ ይገባል፣ ለብየዳም ለልኬትም አይመችም።

ጣራው

እዚህ ጋ አትቸኩሉ። በቀን ሙቀቱን ሚያስገባው፣ በሌሊት ደግሞ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ሚለቀው፣ ሚያልበው፣ ዝናቡን ሚያስጮኸው ይሄው 28 ካሬ ቆርቆሮ ነው። ሰው ግን መጨረሻ ላይ በተረፈው ብር በአንድ ቀን ያለብሰዋል፣ ከዛ ኮርኒስ በኋላ አሰራለሁ ይላል። በኋላ ሲባል ግማሹ ስራ አይቻልም፣ ምክንያቱም ፎይሉ (ሙቀት ሚመልሰው ሚያብለጨልጭ ስስ ንጣፍ) ሚገባው ቆርቆሮው ከመመታቱ በፊት ነው።

መጀመሪያ ቆርቆሮው። ጌጅ ሲባል ቁጥሩ ሲያንስ ነው ሚወፍረው፣ 28 ጌጅ 0.4 ሚሊ ነው፣ 32ና 35 ስስ ናቸው፣ በረዶ ሲጥል እንደ ከበሮ ነው ሚጮሁት፣ ይጎደጉዳሉም። 28 ኢጋ ግዙ። ተዳፋቱ በሜትር ቢያንስ 15 ሳንቲ ይሁን። ማሰሪያው ሚስማር ሳይሆን ጎማ ያለው ብሎን ይሁን፣ ሚስማር በሙቀትና በብርድ ቆርቆሮው ሲለጠጥና ሲሰበሰብ ይላላል፣ ቀዳዳው ይሰፋል። ብሎኑም ቆርቆሮው ጉብ ባለበት እንጂ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ እንዳይመታ ቆማችሁ አሳዩት።

አደራረቡ ከላይ ወደ ታች እንዲህ ነው፦ ቆርቆሮ፣ ከስሩ 3 ወይ 4 ሳንቲ ባዶ አየር፣ ከዛ ፎይል፣ ከዛ ፎም ወይ ግላስ ውል (ከመስታወት ክር የተሰራ ጥጥ መሳይ ነገር)፣ መጨረሻ ጂፕሰም ቦርድ። አሰራሩ ደግሞ፣ አርኤችኤሱ (ውስጡ ባዶ የሆነ አራት ማዕዘን ብረት) ወይ ሞራሌው (የጣራ እንጨት) ከተመታ በኋላ ፎይሉን ላዩ ላይ ትዘረጉታላችሁ፣ ትንሽ ረገብ ብሎ። ከታች ከአሸንዳው በኩል ጀምሩ፣ ላይኛው ታችኛውን በ10 ወይ 15 ሳንቲ ይደርበው፣ ቆርቆሮው ሲያልብ ጠብታው በፎይሉ ላይ ተንሸራቶ ወደ ውጪ እንዲወርድ ነው። ከዛ በፎይሉ ላይ ቀጭን እንጨት መታችሁ ቆርቆሮውን እሱ ላይ አስራችሁ ትጨርሳላችሁ። እንጨቱን ዘለን ፎይሉን ከቆርቆሮው ጋር እናጣብቀው ሚል አለ፣ አይሆንም፣ ፎይል ሙቀት ሚመልሰው ከጎኑ አየር ሲኖር ነው፣ ከብረት ጋር ከተጣበቀ ራሱ ብረት ነው።

ከስር ሚገባው ነጩ ፎም ነው፣ ቲቪና ፍሪጅ በካርቶን ሲመጣ ጥግ ጥጉን ሚይዘው አይነት፣ ግን በሰሌዳ ተቆርጦ ሚሸጠውን ግዙ። 5 ሳንቲ ውፍረት ያለው ፎም ባዶ ብሎኬት ግድግዳ ከሚይዘው ሙቀት በብዙ እጥፍ ይይዛል፣ ችፑድ ኮርኒስ ብቻውን ግን ምንም አይደል፣ አይን ነው ሚሸፍነው። አቅም ካለ ሁለት ባለ 5 አድርጋችሁ መጋጠሚያቸው እንዳይገናኝ አፈራርቁት። ክፍተቱን ሁሉ የአልሙኒየም መስኮት ሰሪዎች በሚጠቀሙት ሚነፋ ፎም ድፈኑ፣ ትንሽ ክፍተት ራሱ የሰሌዳውን ጥቅም ይቀንሳል።

አሁን ዋናው ማስጠንቀቂያ። ነጩ ፎም ይቀጣጠላል፣ ሲቀጣጠል እየቀለጠ ይንጠባጠባል፣ ጥቁር ጭሱ ደግሞ ሳንባ ይዘጋል። ግራይንደርና ብየዳ ባለበት ቤት ውስጥ ፎም ተራቁቶ አይታይም፣ ባለ 12 ሚሊ ጂፕሰም ቦርድ ይሸፍነው፣ መጋጠሚያውም ይለበጥ። ብየዳ ከሚሰራበት ጥግ በላይ ደግሞ ፎሙን ትታችሁ ግላስ ውል ወይ ሮክ ውል (ከድንጋይ ክር የተሰራ) አድርጉ፣ እነሱ አይነዱም፣ ሲገባ ብቻ ጓንትና ማስክ አድርጉ፣ ረጅም እጅጌ ልበሱ፣ ያሳክካል። ሳንድዊች ፓነል (በሁለት ላሜራ መሃል ማገጃ ያለበት ሰሌዳ) ካገኛችሁ፣ ከፈረሰ ሼድ ወጥቶ ሚሸጥ አለ፣ ይሄን ሁሉ ድርብርብ በአንዴ ይገላግላችኋል፣ ግን ውስጡ ምን እንደሆነ በጠርዙ እዩ፣ ነጭ ፎም ከሆነ የተቆረጠው ጠርዝ በላሜራ ይዘጋ።

አሸንዳውን አትርሱ። ጣራው ከነክንፉ 35 ካሬ ቢሆን 30 ሚሊ ዝናብ ወደ 1,000 ሊትር ውሃ ነው፣ ያ ሁሉ መሠረታችሁ ላይ ከሚወርድ ወደ ሮቶ አስገቡት፣ ዳር አካባቢ ውሃ በፈረቃ እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ለመኪና ማጠቢያ ይሆናል።

ለብርሃን አንድ ወይ ሁለት ሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቆርቆሮ ይገባል። ከሁለት አይብለጥ፣ እሱ ኢንሱሌሽን የለውም።

በሩና ቀዳዳዎቹ

የላሜራ በር ማለት 7 ካሬ ያህል ባዶ ብረት ማለት ነው። ከውስጥ በኩል በአርኤችኤሱ ፍሬም መሃል 4 ሳንቲ ፎም ቁረጡና አስገቡ፣ በላዩ ላይ ኮምፔርሳቶ ወይ ስስ ላሜራ ምቱበት። ከዚህ በኋላ የበሩ ክፈፍ ላይ ብየዳ ካስፈለጋችሁ መጀመሪያ ፎሙን አውጡ። ከታች ያለውን ክፍተት አሮጌ የመኪና ጎማ የውስጡን ላስቲክ በርዝመቱ ቆርጣችሁ በላሜራ ቁራጭ አጥብቁት፣ መሬቱን በትንሹ ይንካ። ጎማ ሰፊ ጋ በነፃ ማለት ይቻላል ይሰጧችኋል። ምናለሽ ተራ ብትወርዱ ደግሞ ማጠፊያውም፣ ሸርተቴውም፣ አሮጌ ሞርሳውም (ብረት ጠፍሮ ሚይዘው) ይገኛል፣ ጠዋት ሂዱ።

ቀዳዳውን ሁሉ ከደፈናችሁ በኋላ ግን በልክ ምትከፍቱት መኖር አለበት። በአንዱ ግድግዳ ከታች ሁለት 20 በ20 ቀዳዳ፣ በተቃራኒው ከላይ ሁለት፣ ሁሉም ሽቦ ወንፊት ያላቸው፣ ከውስጥ ሚዘጋ ክዳን ያላቸው። የብየዳ ጭስ በተለይ ጋልቫናይዝድ ብረትና ቆርቆሮ ሲበየድ ሚወጣው የዚንክ ጭስ ማታ ላይ እንደ ወባ ብርድ ብርድ ያሰኛል፣ ስለዚህ ስትበይዱ ክዳኑም በሩም ክፍት ነው።

ደግሞ ከሰል። ቤቱ ከታሸገ በኋላ ጠዋት በረደኝ ብሎ ከሰል ማንደጃ ይዞ ገብቶ በር መዝጋት በየዓመቱ ሰው ሚገድል ነገር ነው፣ ጋዙ አይሸትም፣ አይታይም፣ መጀመሪያ ራስ ያዞራል ከዛ ያስተኛል። የመኪና ሞተርም ተዘግቶ አይነሳም። ከበረዳችሁ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ ጣራው በደንብ ከተሰራ ትንሿ ትበቃለች።

መብራቱ

ከቤቱ ሳሎን ሶኬት ገመድ እየሳባችሁ አትስሩ። ከቆጣሪው ራሱን የቻለ መስመርና ራሱን የቻለ ብሬከር ይውጣለት። ለሶኬት 2.5 ሽቦ፣ ለብየዳ ማሽን 6 ሽቦ ከ32 አምፔር ብሬከር ጋር፣ መብራት ለብቻው፣ የግራይንደሩ ዲስክ እየዞረ የሶኬቱ ብሬከር ቢወድቅ ጨለማ ውስጥ እንዳትቀሩ። ግራውንድ ዘንግ ቢያንስ ሜትር ተኩል ይተከል፣ በ30 ሚሊ አምፔር ሚቆርጥ አርሲሲቢ (ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይ ወደ መሬት ሲያፈስ መስመሩን ሚያጠፋ) ይግባ፣ እርጥብ ኮንክሪት ላይ ቆሞ ግራይንደር ለሚይዝ ሰው ይሄ ቅንጦት አይደለም። ሽቦው ሁሉ በቱቦ ይሂድ፣ ምክንያቱም የፒቪሲ ሽቦ ነጩን ፎም በቀጥታ እየነካ ከቆየ ልባሱ ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ ይሄን ብዙ ኤሌክትሪሻን አይነግራችሁም። ሶኬቶቹ ከወለሉ ሜትር ከ10 ላይ፣ ከባንኮው ከፍ ብለው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ማሽን በራሱ እንዳይነሳ፣ ሲጠፋ ሁሌ ማብሪያውን አጥፉ።

ጩኸቱ

የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ድምፅ አያቆምም፣ የክፍሉን ማስተጋባት ትንሽ ይቀንሳል እንጂ ጎረቤት ጋ ሚሄደውን አይነካም፣ በዛ ላይ የእሳት ማገዶ ነው። ድምፅ ሚያቆመው ክብደትና የተደፈነ ቀዳዳ ነው፣ የተለሰነ ብሎኬትና የታሸገ በር ካላችሁ አብዛኛው ተሰርቷል። ኮምፕሬሰሩን ከአጥሩ አርቃችሁ ወፍራም ጎማ ላይ አስቀምጡት። እሁድ ጠዋት ግራይንደር ካስነሳችሁ ግን ምንም ኢንሱሌሽን አያድናችሁም፣ ጎረቤታችሁ እማማ ይመጣሉ።

ብሩ ሲያጥር

ያጥራል፣ ሳታስቡት ያጥራል። ያኔ ቀለሙ ይቅር፣ የውጭ ልስኑ ለሚቀጥለው በጋ ይደር፣ ባንኮውን ከኮንክሪቱ ፎርም (ማፍሰሻ ቅርጽ) በተረፈ ጣውላ 90 ሳንቲ ቁመት አድርጋችሁ ምቱት፣ ሞርሳውን ብቻ በደንብ እሰሩት። ግድግዳውን ከውስጥ ማልበስ ከፈለጋችሁ በጤፍ ጭድ የተቦካ ጭቃ ከፎም ይረክሳል፣ እሳትም አይፈራም፣ ብሎኬቱ ላይ ሽቦ ወንፊት መትታችሁ 4 ሳንቲ ለጥፉት፣ ከወለሉ 30 ሳንቲ ድረስ ግን ሲሚንቶ ይሁን፣ ውሃ ሲረጭ እንዳይፈርስ። ማይቀነሰው ላስቲኩ፣ ፎይሉና አርሲሲቢው ነው። ፎሙን ገዝታችሁ ለጂፕሰሙ ብር ካለቀ ፎሙ እቤት ተጠቅልሎ ይቀመጥ፣ ጣራ ላይ አይውጣ፣ ጂፕሰሙ እስኪገዛ ድረስ በፎይሉ ብቻ ስሩ። የእሳት ማጥፊያውን፣ ዱቄት የሆነውን 6 ኪሎ፣ ብየዳው ጋ ሳይሆን በሩ ጋ ስቀሉት፣ እሳት ሲነሳ ወደ መውጫው እየሄዳችሁ እንድታገኙት፣ ከጎኑም በትልቁ 939 ብላችሁ ጻፉ፣ የአዲስ አበባ እሳት አደጋ ቁጥር ነው፣ ከከተማው ክልል ውጪ ከሆናችሁ የአካባቢያችሁን ጠይቃችሁ እሱን ጨምሩበት።